በርበሬና ደብተር

ባልትና ቤት ልክፈት ብላ ምክር የምትጠይቀኝ ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምታነሳው ቅመሙን ነው። ለአንድ ኩንታል ዛላ ስንት ኪሎ ኮረሪማ ይገባል? ጥቁር አዝሙዱ ይታመሳል ወይስ እንዲሁ ይጨመራል? ነጭ ሽንኩርቱ ከዝንጅብሉ ጋር ይወቀጣል? እነግራታለሁ። የምደብቀው የለኝም። ቅመሙን እናቷም ታውቀዋለች፣ የጎረቤቷ እናትም ታውቀዋለች፤ ጎጃም ውስጥ በርበሬ ማዘጋጀት የማይታወቅበት ቤት የት አለ? የኔ ባልትና ቤት እስካሁን ያልተዘጋው በቅመሙ ሳይሆን ከሚዛኑ ጎን በሲባጎ በታሰረው ደብተር ነው ስላት ግን «ይቺ ሴትዮ ዋናውን ነገር ደበቀችኝ» የሚል ነገር ፊቷ ላይ አነባለሁ። ስለዚህ የደብተሩን ነገር ልጻፈውና ይለይለት።

ሱቄ ፍኖተ ሰላም ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ደምበጫንና ጅጋን አልፋችሁ የምታገኟት የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። ዙሪያዋ ያለው ጃቢ ጠህናን፣ አለፍ ሲልም ቡሬና ወምበርማ በበርበሬ የታወቁ ናቸው። ይሄ ለኔ ጥቅምም ጣጣም ነው። ጥቅሙ ዛላው ከደጄ መገኘቱ። ጣጣው ደግሞ ደንበኛዬ ሁሉ በርበሬ ማወቁ። ሌላ አገር ያለች ገዢ ቀለሙ ቀይ ከሆነ ትገዛ ይሆናል፤ እዚህ ግን ፌስታሉን ከፈት አድርጋ ቆንጠር ታደርግና ቀምሳ «ይሄ የዘንድሮ አይደለም» ትላለች። ደግሞም ልክ ናት።

ደብተሩ የተወለደው ከጭቅጭቅ ነው። እኛ ቤት ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንደኛው የራሳችንን በርበሬ ገዝተን፣ አዘጋጅተን መሸጥ ነው። ሁለተኛው የሰው በርበሬ ተቀብለን፣ ቀንጥሰን፣ አስጥተን፣ ቀምመን፣ አስፈጭተን ማስረከብና የእጃችንን ዋጋ መቀበል ነው። በሁለተኛው ላይ ሁልጊዜ የምትነሳ አንዲት ነገር አለች። ዛላ ሆኖ ጆንያ ሙሉ የመጣው በርበሬ፣ ዱቄት ሆኖ ሲወጣ የጆንያውን ወገብ እንኳ አይደርስም። ዛላ ውስጡ አየር ነው። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፤ ዓይን ግን አይቀበለውም።

አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ያዘጋጀነውን ሊረከቡ መጥተው ዱቄቱን ሲያዩ ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ ያመጣሁት ጆንያ ሙሉ ነው።»

«አዎ እማማ። ግን ተቀንጥሶ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ…»

«መቀንጠሱንማ አውቃለሁ። እኔ በርበሬ ስቀነጥስ አንቺ አልተወለድሽም። ግማሹ ጭራ ነበር ነው የምትይኝ?»

ምን ይመለሳል? በርበሬው ሲገባ በጆንያ ተቆጥሮ ነው የገባው፤ የባልትና ቤቶች ልማድ እንደዚያ ነበር። የሚመዘነው ሲወጣ ብቻ ነው። የሚነጻጸር ቁጥር ስለሌለ የሳቸው ቃል ከኔ ቃል ጋር ተፋጠጠ። እሳቸውም ሒሳባቸውን ከፈሉና «ለእግዜር ሰጥቼሻለሁ» ብለው ሄዱ። ነግዶ የሚኖር ሰው ይቺ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ያውቃታል። ስድብ በስንት ጣዕሙ!

ከዚያ ወዲህ የሰው በርበሬ ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥሎ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ባለቤቷ እያየች። ቁጥሩን ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ስሟ፣ ቀኑና ኪሎው ደብተሩ ላይ ይሰፍራል፤ ያው ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ይሰጣታል። ተቀንጥሶ ሲያልቅ እንደገና ይመዘናል። የወጣው ጭራና ተለቅሞ የተጣለው ነጫጭ ዛላ በፌስታል ተቋጥሮ ይቀመጥና ዱቄቷን ስትረከብ አብሮ ይመለስላታል። መጀመሪያ ሰሞን ሠራተኞቼ ይስቁ ነበር፤ ጭራ ምን ሊያደርግላት ነው? ምንም። አብዛኞቹ እዚያው በር ላይ ይጥሉታል። ግን ከመጣላቸው በፊት ከፍ ዝቅ አድርገው ይመዝኑታል፣ በእጃቸው። ያቺ አንዲት መመዘን ጭቅጭቁን ጨረሰችው። እኚያ የሠርግ እናትም በዓመቱ ተመልሰው መጡ፤ ሚዛኑ ፊት በርጩማ ስበው ተቀምጠው፣ ቁጥሩን ከኔ ቀድመው አነበቡት።

እንግዲህ ደብተሩ ለክርክር ነበር የተገዛው። ለሒሳብ መዋሉ በኋላ የመጣ ነው። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለሌለ በርበሬ ማስጣት አይቻልም፤ ሱቅ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ባለ ጊዜ ገጾቹን ሳገላብጥ ዓይኔ አንድ ነገር ላይ አረፈ። እኩል ኪሎ ይዘው የገቡ ሁለት ሴቶች የወጣላቸው እኩል አልነበረም። የአንደኛዋ ከመቶው ሰማንያ አምስት ገደማ ሲቀርላት፣ የሌላዋ ሰባ አምስት እንኳ አልሞላም። ቀንጣሾቹ እነዚያው፣ ማስጫው ያው፣ ፀሐዩም ያው። ልዩነቱ በርበሬው ከየት እንደመጣ ብቻ ነበር። አንዷ ከባሏ ማሳ ያመጣችው ነው፤ ሌላዋ ገበያ የገዛችው።

ገበያ ላይ በርበሬ ውሃ እንደሚረጭ ሕፃን ያውቃል። ጤዛ ላይ የሚያሳድርም አለ። ዛላው ይለሰልሳል፣ ያምራል፣ ይከብዳልም። ነገሩን ማወቅ ሌላ፣ ከመቶ ኪሎ አሥር ኪሎ ውሃ በበርበሬ ዋጋ መግዛትን በቁጥር ማየት ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ «ከየት» የሚል ዓምድ ገባ፤ የራሴን ግዢም በዚያው እመዘግብ ጀመር። ከማን እንደገዛሁ፣ ሲገባ ስንት እንደነበር፣ ከማስጫ ሲነሳ ስንት እንደሆነ። ሁለት የበርበሬ ወራት ሳይሞላ ከየትኛው ነጋዴ እንደማልገዛ አወቅሁ። አልተጣላሁም፤ ሰላምታችንም እንዳለ ነው። ዝም ብዬ ከሱ ጆንያ አጠገብ አልቆምም።

አገዛዜም ተለወጠ። አሁን ጆንያ ሲፈታልኝ ከላይ ያለውን አላይም፤ ከላይ ያለው ሁልጊዜ ደረቅ ነው። እጄን እስከ ክንዴ ሰድጄ ከሆዱ ጥቂት ዛላ አወጣለሁ። አንዱን ጆሮዬ ሥር አድርጌ እነቀንቀዋለሁ። በደንብ የደረቀ ከሆነ ዘሩ ውስጥ ለውስጥ ይንሿሿል። ከዚያ አጥፌ እሰብረዋለሁ፤ ቀጭ ካለ ደህና ነው፣ እንደ ቆዳ ከታጠፈ ግን ውሃ ሊሸጡልኝ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ሰንጥቄ ውስጡን አያለሁ። ዘሩ ዙሪያ ግራጫ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው፣ ርካሽ ነው ተብሎ አይገዛም። እርጥብ ተከማችቶ የሻገተ በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ይሄ መርዝ ደግሞ በማመስም በመፍጨትም ተጠራርጎ አይጠፋም። ሻጭ ይሄን ሁሉ ሳደርግ ይሰለቻል። «እትዬ፣ በርበሬ ነው የምትገዢው ወይስ ወርቅ?» ያለኝ ጎረምሳ አለ። ዋጋውን ጠየቅሁትና ሁለታችንም ሳቅን።

ወደ ዋጋው ልምጣ፤ ብዙ ባልትና ቤት ሳያውቀው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የማሳየው ቁጥር የዛሬ ገበያ አይደለም፣ ለስሌት እንዲመች ያመጣሁት ነው። አንድ ኪሎ ዛላ 300 ብር ነው እንበል። መቶ ኪሎ 30,000 ብር ሆነ። ተቀንጥሶ፣ ብልሹው ተለቅሞ 86 ኪሎ ይቀራል። ፀሐይ ላይ ውሎ ሲነሳ 80። የበርበሬው ዋጋ አሁን 300 አይደለም፣ 375 ሆኗል፤ ገና ምንም ሳንጨምርበት። ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ ድምብላሉ፣ በሶብላው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ጨው፣ የቀንጣሽ፣ የወፍጮ፣ የፌስታል ተደምሮ 9,000 ብር ይውጣ። ቅመሙ ክብደት ይጨምራል፣ ወፍጮው ትንሽ ይበላል፤ 90 ኪሎ ዱቄት አገኘን። 39,000 ለ90 ሲካፈል አንዱ ኪሎ 433 ብር ላይ ወደቀ። የቤት ኪራይ አልነካሁም፣ የኔን ድካም አልነካሁም።

አሁን «ዛላ በ300 ገዝቼ ዱቄት በ400 እሸጣለሁ፣ በኪሎ መቶ ብር አተርፋለሁ» የምትለዋን ሴት አስቧት። በየኪሎው 33 ብር ከኪሷ እየጨመረች ነው የምትሸጠው። ደንበኛ ይጎርፍላታል፤ ለምን አይጎርፍ! ሱቋ ሙሉ ነው፣ ስሟ ይነሳል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ የዛላ መግዣ ገንዘብ ታጣና ሰው «ዓይን ነው» ይላል። ዓይን አይደለም፣ ጭራና እርጥበት ነው። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ተቀጥሬ የሠራሁባት ሴት ቅመምን በማሽተት ብቻ የምትለይ፣ እጇ የተባረከ ነበረች፤ ሱቋ የተዘጋው ግን ገበያ ጠፍቶ አልነበረም።

ዋጋ ላይ ሌላ ትምህርት ያስተማረኝ ዘመኑ ነው። ድሮ ዋጋ የምናወጣው በገዛንበት ላይ ትርፍ ጨምረን ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ፣ ማሸጊያ ፕላስቲኩ ሳይቀር፣ በየሄድኩበት ሌላ ዋጋ ይጠብቀኝ ጀመር። በገዛሁበት ዋጋ አስቤ የሸጥኩት ዕቃ፣ ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛት ካልቻለ ትርፉ የወረቀት ነው። ስለዚህ አሁን ዋጋ ከማውጣቴ በፊት የምጠይቀው ነገ የምገዛበትን ነው። ደንበኛ ይሄን አይወድም። «ይሄ እኮ አሮጌው ዕቃ ነው» ይሉኛል። አሮጌው ሲያልቅ አዲሱን የማመጣበት ገንዘብ ከዚሁ ከአሮጌው ነው የሚወጣው እላለሁ፤ የገባት ትገዛለች፣ ያልገባት ትሄዳለች፣ ወሩ ሲያልቅ ትመለሳለች።

ጊዜን በተመለከተ ደብተሩ ሁለት ነገር አሳየኝ። የመጀመሪያው ግዢ ላይ ነው። እኛ አገር በርበሬ ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል፤ ገበያው ያኔ ይሞላል፣ ዋጋውም ያኔ ይረክሳል። ምክሩ ሁሉ «ያኔ ግዢና አስቀምጪ» ነው፤ ክረምት ሲገባ ዋጋው ስለሚሰቀል። እውነት ነው፣ ይሰቀላል። ነገር ግን ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ የተቀመጠ ዛላ ይከሳል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አይጥም የድርሻዋን ትወስዳለች። ገንዘቡም ያን ሁሉ ወር ጆንያ ውስጥ ታስሮ ነው የሚከርመው። ሁለቱን ሒሳብ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የመጨረሻዎቹ ጆንያዎች ያመጡት ትርፍ የታሰበውን ያህል አልነበረም። አሁን የምገዛው ከፋፍዬ ነው፤ አብዛኛውን በታኅሣሥ፣ የቀረውን በመጋቢትና በሚያዝያ መካከል ዓይኔን ጥዬ። የማስቀምጠውም በዛላነቱ ነው። የተፈጨ በርበሬ ሽታውና ቀለሙ ቶሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ነው የማስፈጨው።

ሁለተኛው ሽያጭ ላይ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሽሮን ይመለከታል። ጾም ሲገባ ሽሮ እንደሚሸጥ ለመንገር ደብተር አያስፈልግም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ አለ፣ የነቢያት ጾም አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ልብ ያላልነው ግን ሴቶች ሽሯቸውን የሚገዙት ጾሙ ከገባ በኋላ ሳይሆን በቅበላ ሳምንት መሆኑን ነው። የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ላይ መደርደሪያ ሙሉ ሽሮ ይዞ ማሰብ ምን ዋጋ አለው? ከዚያ ወዲህ አተሩ የሚታመሰው፣ የሚከካው ጥር ሳይወጣ ነው፤ በቅበላ እኔ ጋ የማያልቅ ሽሮ አለ። በጾሙ ወገብ ላይ ደግሞ እጃችን ለፋሲካው በርበሬና ከፋሲካ በኋላ ለሚመጡት ሠርጎች ነጻ ይሆናል።

ሽሮ ካነሳሁ አይቀር፣ ጓያ። ጎጃም ውስጥ የጓያ ሽሮ የሚወድ ሰው ብዙ ነው፣ እኔም እሸጣለሁ፤ ግን ለብቻው፣ «ጓያ» ተብሎ ተጽፎበት። ጓያ በችግር ጊዜ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር እንደሚያሽመደምድ አያቶቻችን አይተውታል። ርካሽ ስለሆነ በአተር ሽሮ ውስጥ የሚቀላቅል ነጋዴ አለ፣ ትርፉም ጥሩ ነው ይባላል። ስለዚያ ትርፍ የምለው የለኝም፣ እዚህ ደብተር ላይ ዓምድ አይኖረውም።

የሠራተኛውን ነገር ለመፍታት ግን ደብተሩ ብቻውን አልበቃም። መቀንጠስ ከባድ ሥራ ነው። ያስነጥሳል፣ ያስለቅሳል፣ እጅ ያቃጥላል፤ ማታ ልጅ ለማቀፍ እጅሽን ቅባት ቀብተሽ ታጥቢያለሽ፣ እሱም አይለቅም። ክፍያውን በኪሎ ሳደርገው ሥራው ፈጠነ፤ ዛላው ጆንያ ጆንያ ሆኖ ይወጣል። «ማን ቀነጠሰ» የሚል ዓምድ አስገብቼ ከወጣው ጭራ ጋር ሳስተያየው ግን ብዙ የቀነጠሰችው ብዙ ትታ ያለፈችው ሆና ተገኘች። ቆቡ ዛላው ላይ ቀርቷል፣ ነጩም አብሮ አልፏል፤ በተመዘነ ቁጥር ለሷ ገንዘብ ነው። ቀለሙ የደበዘዘ ዱቄት እየወጣ የነበረውም ከዚያ ነው። በቀን ክፍያ ሳደርገው ደግሞ ወሬው ደራ፣ ሥራው ቆመ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በነሱ ቦታ ሆኜ አውቀዋለሁ።

መፍትሔውን ያመጣችው ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው ናት። እትዬ ነው የምንላት ሁላችንም። «እቴ፣ እናንተ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ትጀምሩና በርበሬው እጃችሁ ላይ ይደቅቃል» አለችኝ። ማለዳ ላይ ዛላው የሌሊቱን አየር ስቦ ትንሽ ለዘብ ይላል። ያኔ ቆቡ ከነጭራው ተጎትቶ ይወጣል፣ ዛላው አይሰበርም፣ ዘሩ አይፈስም፣ ብናኙም አፍንጫ አይገባም። ከሰዓት ሲሆን ግን ስትነኪው ይፈረፈራል። ስለዚህ ሥራውን ጎህ ሲቀድ ጀምረን ረፋድ ላይ እናቆማለን፤ ከዚያ ማስጣትና መልቀም ነው። ክፍያው በቀን ነው፣ ወሩ ሲያልቅ ቀለሙን አይተን የምንጨምረው አለ። ደቂቃ ቆጥሬ የማላውቀውን ሥራ ማለዳው ራሱ ቆጠረልኝ፣ ምክንያቱም ፀሐይ ሲወጣ ዕድሉ እንደሚያልፍ ሁሉም ያውቃል። እትዬ ይሄን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀው ነበር። ለምን ቀድማ እንዳልነገረችን ጠየቅኋት። «ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ዱቤ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ጥርሱን ያፋጫል፤ ዱቤ የማይሰጥ ሱቅ ግን እኛ ከተማ አይቆምም። «ዱቤ ነገ» ብሎ የለጠፈ ጎረቤት አለኝ፤ ወረቀቱ ሥር ቆሞ ዱቤ ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ያደረግሁት «መቼ ተከፈለ» የሚል ዓምድ መጨመር ብቻ ነው። መምህራኑ ደመወዝ ሲወጣ ይከፍላሉ፤ ቢዘገዩ ቀናት ነው። የገጠር ደንበኞቼ እህል ሲሸጡ፣ ጥር ላይ፣ ሳይጠየቁ ይዘው ይመጣሉ። ትልልቅ ትዕዛዝ የሚያዙት ምግብ ቤቶች ናቸው የሚያስቸግሩት። ብዙ ስለሚገዙ እንደ ጥሩ ደንበኛ እናያቸዋለን፣ ዋጋም እንቀንስላቸዋለን። በቀን ሲቆጠር ግን የኔን ገንዘብ ወራት ይዘው የሚቀመጡ እነሱ ናቸው፤ በዚያ መሀል የዛላ ዋጋ ጨምሮ፣ የሚከፍሉኝ ገንዘብ ያንኑ በርበሬ አይገዛልኝም። በቅናሽ ሸጬ፣ በኪሳራ ሰብስቤ! አሁን ለምግብ ቤት ግማሹ ሲታዘዝ፣ ግማሹ ስናስረክብ ነው። የሄዱ አሉ። በነሱ መሄድ የቀነሰው ሽያጭ እንጂ ትርፍ አለመሆኑን ደብተሩ ላይ ለማየት ግን ጥቂት ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ እስከዚያው ሌሊት እንቅልፍ አልነበረም።

ዘመድስ? ለዘመድ ዱቤ አልሰጥም፣ ስጦታ እሰጣለሁ። ከገጠር የባሌ አክስት ሲመጡ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ቋጥሬ እሰጣቸዋለሁ፣ «ቤት የወሰደው» በሚለው ዓምድ ይጻፋል፣ አለቀ። ለቅሶ ቤት የሄደ ሽሮ፣ ለማኅበር የወጣ በርበሬ፣ እኛው ቤት ወጥ የተሠራበት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን «ምሳ ስበላም መዝግቢኝ እንጂ» ይለኝ ነበር። የዓመቱን ድምር ሳሳየው ዝም ብሎ ቁጥሩን አየና «እኛ ነን ይሄን ሁሉ የበላነው?» አለ። እኛ ብቻ አይደለንም፤ አገር ነው። ግን ሱቁ አላተረፈም ሲባል፣ ያተረፈውን ማን እንደበላው ቢያንስ እናውቃለን። ለራሴም ወር በወር ደመወዝ አወጣለሁ፤ ትንሽ ናት፣ ግን ከመሳቢያው እንዳሻኝ ከማንሳት አድናኛለች።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ያለውን ጊዜ የማያውቅ ጎጃሜ የለም። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ከርሟል። ዛላው ከደጃችን ነው፤ ኮረሪማው ግን ከከፋ በኩል ዞሮ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ነው የሚመጣው። ያለ ኮረሪማ የተፈጨ በርበሬ እዚህ ማንም አይገዛም። ስለዚህ ቅመም ላይ «ስንት ሳምንት ያቆየናል» የሚል ዓምድ አለ፤ ቁጥሩ ሲያንስ መንገድ የተከፈተ ዕለት ሌላው ሁሉ ቀርቶ ቅመም ነው የሚገዛው። በቴሌብር የለመደው ደንበኛም ኔትወርክ ሲጠፋ ወደ ድሮው ብር ቆጠራ ተመለሰ። ደብተሬ ወረቀት በመሆኑ ያኔ አልተሳቀቅኩም። ስልክ ላይ መዝግቢ እያለች ስትነዘንዘኝ የነበረችው ልጄም ያን ሰሞን ዝም ብላኛለች።

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ መደርደሪያውን ቆጥሬ፣ የቀረውን መዝኜ፣ ከደብተሩ ጋር አስተያያለሁ። በዚያ ሰሞን ዕቃው ስለሚሳሳ ቆጠራው ቀላል ነው። ሐምሌ ላይ የትንንሽ ነጋዴዎች ግብር ሲመጣ ግምት ከመጠበቅ የራስን ቁጥር ይዞ መግባት ይሻላል፤ ሁልጊዜ ይቀበሉኛል ማለቴ አይደለም፣ ግን የምከራከርበት ነገር ይዤ ነው የምቀመጠው።

ሰሞኑን የሚያወዛግበን ወፍጮ ነው። የራስሽን ወፍጮ ግዢ የማይለኝ ሰው የለም። ደብተሩ ግን እሺ አላለም። የኛ መፍጫ ቀን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው፤ የቀረውን ጊዜ ወፍጮው ቆሞ ይውላል፣ ድንጋዩ መወቀር አለበት፣ መብራት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ የበርበሬ ብናኝ ደግሞ ጎረቤት ያጣላል። ጎረቤት ካለው ባለ ወፍጮ ጋር በርበሬ የሚፈጭበት አንድ ቀን ቆርጠን ተስማምተናል፤ ለበርበሬ ብቻ የለየው ድንጋይ አለው።

የቀረው ችግር ይሄ ነው። ወፍጮ በጀመረ ቁጥር መጀመሪያ የገባበትን ትንሽ ይበላል፤ በየጥጋጥጉ ይቀራል። ኩንታል ለሚያስፈጭ ሰው ምንም አይደለም፣ አምስት ኪሎ ይዛ ለመጣች ሴት ግን ብዙ ነው። የሰው በርበሬ ደግሞ አይቀላቀልም፣ እያንዳንዷ የራሷን ነው የምትፈልገው። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ የሚገባው የኔ በርበሬ ነው፤ ወፍጮው ጠግቦ ሲጨርስ የደንበኞቼ በየተራ ይከተላሉ። የመጨረሻዋ ስትወጣ ወፍጮው ይጠረግና የወጣው ወደኔ ይመለሳል። ደብተሩ ላይም «ጥራጊ» የሚል አዲስ ዓምድ ተሰምሯል። ክብደቱ አንድ ሳምንት ያንሳል፣ አንድ ሳምንት ይበዛል። ባለ ወፍጮው ድንጋዩ አዲስ ሲወቀር ነው ይላል፤ እትዬ ደግሞ በርበሬው በደንብ ያልደረቀ ቀን ነው የሚበዛው ትላለች። ሁለቱንም ቀን ጎን ላይ እየጻፍኩ ነው።